እማማ ሙሉካ ገንዘባቸውን ሲጎበኙ

በ1963 ዓ.ም. ከዲላ በስተምሥራቅ ካለው ዳገት በወር አንድ ጊዜ፣ በገበያ ቀን፣ ገንዘባቸውን ሊጎበኙ የሚወርዱ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ሊያስገቡ አይደለም፤ ሊያወጡም አይደለም። ሊጎበኙ። እማማ ሙሉካ ይባላሉ።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ፤ ግን ስቆ ሲያበቃ ራሱን ይጠይቅ። የለፋበትን ገንዘብ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው በመስኮት አቀብሎ፣ በምትኩ አንዲት ወረቀት ተቀብሎ፣ ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ሳያየው የሚተኛው በምን ተማምኖ ነው? ሞኙ ማን ነው?

በእማማ ሙሉካ አገር ሣር ያነሰው ሰው ላሙን ለሌላ ሰው ያስጠብቃል። ጠባቂው ወተቷን ይጠጣል፣ ፍጓን ለእንሰቱ ያደርጋል፤ ላሟና የምትወልደው ጥጃ ግን የባለቤቷ ናቸው። ባለቤት ደግሞ በየጊዜው ይሄዳል። ባዶ እጁን አይሄድም፤ ለላሟ ጨው፣ ለጠባቂው አንዳች የሚበላ ነገር ይይዛል። ጀርባዋን ያሻታል፣ ዓይኗን ያያል፣ ከጠባቂው ጋር ሲጫወት ይውልና ይመለሳል። ሳይሄድ የቀረ ባለቤት ላሟን ያስከፋል፣ ጠባቂውንም ያባልጋል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ክልክል ነገር አለ፤ ከብት ጮክ ተብሎ አይቆጠርም። የቆጠሩት ከብት ያልቃል ይባላል።

እማማ ሙሉካ ባንክ የገቡት በዚህ ሕግ ነው። ባንኩ በዋናው መንገድ ላይ፣ ፊቱን ኖራ የተቀባ፣ ሁለት መስኮት ያለው ትንሽ ቅርንጫፍ ነበር። አንደኛው መስኮት ሁልጊዜ ዝግ ነው። በሁለተኛው ጉግሳ የሚባል፣ ፊቱ ክብ፣ ጨዋታ የሚወድ ገንዘብ ከፋይ ይቀመጣል። እማማ ሙሉካ መጀመሪያ ሊጎበኙ የመጡ ቀን የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ጠቅልለው በመስኮቱ አቀበሉትና፦

«ላየው መጣሁ» አሉት።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ገንዘቤን ነዋ! ላንተ ሰጥቼ የሄድኩትን!»

አማርኛን የተማሩት ከገበያ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላሉ፤ ማንም ተቀይሟቸው አያውቅም። ጉግሳ ጎደሬውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ። ከዚያ አንዳች ነገር ጻፈ፣ አውራ ጣታቸውን በወይን ጠጅ ቀለም አስነክሮ ወረቀቱ ላይ አስጫናቸውና ብሩን አምጥቶ ፊታቸው ዘረጋላቸው። «አንድ፣ ሁለት...» ብሎ ሊጀምር ሲል፣

«ኧረ አትቁጠርብኝ!» ብለው ጆሯቸውን ያዙ።

በአንድ ጣታቸው ብሩን ነካ አደረጉት። «አልከሳም። ደህና ይዘኸዋል» አሉ። መርቀውት ወጡ። ቀለም የነካ ጣታቸውንም ዳገቱን ሲወጡ ላገኙት ሁሉ እያሳዩ «ጎብኝቼ መጣሁ» ይሉ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቆዩ።

ይህ ገንዘብ ቀልድ አልነበረም። ባላቸው የታመሙ ጊዜ ለመርፌና ለመድኃኒት የሚሆን ከአንድ ግራዝማች ሁለት መቶ ብር ተበድረው፣ የቡና ማሳቸውን በወለድ አገድ አስያዙ። ወለድ አገድ ማለት ይኸው ነው፦ ብሩ እስኪመለስ ድረስ ፍሬውን የሚበላው አበዳሪው ነው። አንተ አረሙን ታርማለህ፣ አጥሩን ታጥራለህ፤ እሱ ይለቅማል። በሰባት ዓመት ውስጥ ግራዝማቹ ከዚያ ማሳ የለቀሙት ቡና ብድሩን ስንት ጊዜ እንደሚከፍል የሚያሰላ ዳኛ በአገሩ አልነበረም፤ ዳኛውም ራሱ የሰው ቡና በወለድ አገድ ይዞ ይሆናል። ባላቸው ሞቱ። እማማ ሙሉካ የጓሯቸውን ጥቂት እግር ቡና ከነገለባው አድርቀው ጀንፈሉን እየሸጡ፣ ለሰው እሸት እየለቀሙ፣ ቆጮ እየቸረቸሩ ብር በብር ላይ ጣሉ፤ በለቀማ ሰሞን ያገኟትንም በሌላ ቀን ወርደው ባንክ ያስገባሉ። ውሉ ላይ ደግሞ አንዲት ነገር ነበረች። ብሩ መመለስ ያለበት ቡናው ከማበቡ በፊት ነው። አበባ ከወጣ የዚያ ዓመት ፍሬ የግራዝማቹ ነው፤ ያመለጠው እስከ ከርሞ ይጠብቃል።

በዚያ ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ደመናው ከወዲያ ማዶ መሰብሰብ ሲጀምር እማማ ሙሉካ በገበያው ቀን ወርደው የእህታቸው ልጅ ሽብሩ ዘንድ ሄዱ።

ሽብሩ ልብስ ሰፊ ነው። የሚሰፋው በነዚፍ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ለነዚፍ ትንሽ ኪራይ እየከፈለ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እማማ ሙሉካ ናቸው። ትምህርት ቤት አልገባም። ማንበብ የቻለው ነዚፍ ስኳር በሚጠቀልልበት ጋዜጣ ነው፤ ስለዚህ የአገሩን ወሬ ሁሉ የሚሰማው ሁለት ወር ዘግይቶ፣ ግማሹ ተቀድዶ ነው። ንዴቱ ግን ሁልጊዜ ትኩስ ነው። «አየህ እነዚህን!» እያለ ፔዳሉን ሲረግጥ መኪናው ይጮሃል፣ የደንበኛ ሱሪ ጠማማ ይሰፋል፣ ነዚፍ ከውስጥ ሆኖ «አንተ ሰውዬ፣ መንግሥትን ስትሰድብ የሰው ሱሪ አታበላሽ!» ይለዋል።

«ሽብሩ፣ ተነሳ» አሉት እማማ ሙሉካ። «ዛሬ ላሜን ልወስድ ነው።»

«የምን ላም?»

«ባንክ ያለችውን። ሁለት መቶ ሞልታለች። ዝናብ ሳይመጣ ለግራዝማቹ ልስጥ።»

ሽብሩ ዘሎ ተነሳ። አክስቱ ገንዘብ እንዳላቸው ያውቃል፤ ስንት እንደሆነ ግን ዛሬ ነው የሰማው። የቁጠባ ደብተራቸውን መቀነታቸው ውስጥ አስረው ለማንም አያሳዩም ነበር፤ ከብት አይቆጠርማ! ሽብሩ እየሳቀ አንገታቸውን አቅፎ ወሰዳቸው። ባንክ ሲደርሱ ጉግሳ እንደ ልማዱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፣ ጎደሬውንም ተቀበለ።

«ዛሬ ሁሉንም ነው» አለው ሽብሩ። «ቁጠረው። እኔ ልስማ፣ እሷ ጆሮዋን ትያዝ።»

ጉግሳ ቆጠረ። እማማ ሙሉካ እውነትም ጆሯቸውን ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

«መቶ ሰማንያ ሁለት» አለ ጉግሳ።

ሽብሩ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። የአክስቱን እጅ ከጆሯቸው አወረደ። «አክስቴ፣ ሁለት መቶ አላልሽም?»

«ሁለት መቶ ነው።»

«መቶ ሰማንያ ሁለት ነው የሚለው። ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

«እየተቆጣህ ነው» አሉት። «ላሜን እኔ አርጄ በላኋት ወይ? አልነካሁም። አየሁት ብቻ።»

«እንዴት አድርገሽ አየሽው?»

እማማ ሙሉካ ወደ ጉግሳ ዞሩ። «እስቲ አሳየው፣ እንዴት እንደምታሳየኝ።»

ሰው ልማዱን አስቦ አይሠራውም። የጉግሳ እጅ በራሷ ወደ መሳቢያው ሄደች፣ ገንዘብ ማውጫ ወረቀት አወጣች። የእማማ ሙሉካ አውራ ጣትም በራሷ ወደ ቀለሙ ሄደች። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «መስክሬያለሁ» አለ። ማኅተሙ ዷ! ብሎ ወረደ። ጉግሳ ወዲያው ገንዘብ ማስገቢያ ወረቀት ስቦ መልሶ መጻፍ ጀመረ። ሽብሩ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ አነበበ። «ፊደል ለማያውቁ፤ ለአሻራ ማረጋገጫና ለምስክር፣ ሰባ አምስት ሳንቲም።»

ዝም አለ። ሽብሩ ዝም ሲል የሚያውቁት ሰዎች ይሸሻሉ።

«በየወሩ?» አለ በመጨረሻ።

ጉግሳ ጎደሬውን በክርኑ ገፋ አደረገው። «ምን ላድርግ ታዲያ? ማሳያ የሚባል ወረቀት የለንም። ማውጫና ማስገቢያ ነው ያለን። እሳቸው ላየው አሉ፤ አወጣሁላቸው፣ አየሁት ሲሉ አስገባሁላቸው። አይነግሩኝ፣ አያስቆጥሩኝ...»

«በየወሩ ሦስት ስሙኒ! እዚህ ዓይኔ እያየ እንኳ ሦስት ስሙኒ ወሰድክ! አሁን፣ ለማሳየት!»

ጉግሳ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። አሁን የጻፋቸውን ወረቀቶች አንስቶ ቀደዳቸው።

«ቀደድከው?» አለ ሽብሩ። «ጎሽ! ይሄ ከተቀደደ ያለፈውም ይቀደዳል። ቀጥል!»

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፊደል ያላስተማረ አገር፣ ፊደል አታውቂም ብሎ አንዲትን ባልቴት ይቀጣል። ማንበብ የሚችለው ፊርማውን ጫር አድርጎ በነጻ ይወጣል፤ የማትችለዋ ጣቷን ለመጫን ትከፍላለች። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የተማረ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ክራቫት አስሮ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ነው የጻፈው። ሌባ ቢሆን ኖሮ በሌሊት መምጣት፣ አጥር መዝለል፣ ውሻ መፍራት ነበረበት። እሱ ግን ማንንም አይፈራም፤ አንቀጽ አለው።

ጩኸቱን ሰምቶ ሥራ አስኪያጁ ወጣ። አቶ ወንድይፍራው ዲላ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ሙቀቱ የሚያስቸግረው፣ ክራቫቱን ግን የማይፈታ ሰው ነበር። ነገሩን ከጉግሳ ሰማ። ማዘኑ ፊቱ ላይ ታየ፤ ግን ኀዘኑን እንደ መሐረብ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ደንብ ነው» አለ። «በአሻራ ገንዘብ ያወጣ ይከፍላል። እኔ አላወጣሁትም ደንቡን።»

«እሷም አላወጣችም ገንዘቡን!» አለ ሽብሩ።

«ወረቀቱ ወጥቷል ይላል።»

«ወረቀቱ ይዋሻል!»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ።»

«ዝቅ አላደርግም! አሥራ ስምንት ብር ከባልቴት አፍ ነጥቃችሁ...»

«ለዋናው መሥሪያ ቤት ይጻፋል» አለ አቶ ወንድይፍራው። «ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት ወር ነው።»

ሽብሩ ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ መጻፍ አይቻልም። ስለ አቶ ወንድይፍራው ክራቫት ነበር፤ ክራቫቱ ምን ላይ ቢውል እንደሚሻል። ዘበኛው በክንዱ ይዞ ወደ ውጭ አወጣው። ዘበኛው ራሱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። እማማ ሙሉካ ደብተራቸውን መቀነታቸው ውስጥ መልሰው ቀስ ብለው ተከተሉ፤ በሩ ላይ ዞር ብለው «ጉግሳ፣ ጎደሬው ሳይቀዘቅዝ ብላ» አሉ።

በረንዳው ሳይደርሱ ዝናቡ ያዛቸው። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ነው፤ በነዚፍ ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር ይወርዳል። ዲላ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ነበር። ጠጅ ቤት ያለው ያጨበጭባል፣ ልጆች መንገድ ላይ ይጨፍራሉ። ሽብሩ ብቻ ዝናቡን በቡጢ ሊመታ የፈለገ ይመስል ቆሟል። ቡና ዝናብ ከጠገበ በኋላ ለማበብ ሳምንት ቢዘገይ ነው።

ነዚፍ ሻይ አስመጣ። ነዚፍ ከአባቱ ጋር በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ያደገ፣ ንግግሩ ቀዝቀዝ ያለ ነጋዴ ነው። ከመሳቢያው አሥራ ስምንት ብር ቆጥሮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«እማማ፣ ይውሰዱት። ሲያገኙ ይመልሱልኛል። ወለድ የለበትም፤ ለኔም ሐራም ነው።»

«አላህ ይስጥህ» አሉ እማማ ሙሉካ። ብሩን ግን መልሰው ገፉት። «በብድር ነው የገባሁት። በብድር አልወጣም።»

«መኪናዬን እሸጣለሁ» አለ ሽብሩ።

«ቁጭ በል።»

«አክስቴ፣ ሰባት ዓመት...»

«ቁጭ በል አልኩ። ዛሬ አንተ ነህ ያበላሸኸው።»

ሽብሩ አፉን ከፈተ። ነዚፍ በሻይ ብርጭቆው ጀርባ ተደበቀ።

«ጠባቂ ሲያጠፋ ይጮሁበታል ወይ?» አሉ እማማ ሙሉካ። «ከጮህክበት እሱም ይጮሃል። በቃ። ላሟ ትረሳለች፣ ስድቡ ይቀራል። ጠባቂ ሲያጠፋ ዘመድ ጎረቤት ይዘህ ትሄዳለህ፣ ደጁ ትቀመጣለህ። ዝም። ምን ሆናችሁ ብሎ ራሱ ወጥቶ እስኪጠይቅ ነው። ራሱ የጠየቀ ሰው መልሱን መስማት አለበት።»

«ባንክ ደጅ ይቀመጣል እንዴ?» አለ ሽብሩ።

«ደጅ የለውም?»

ነዚፍ ሳቁን ለቀቀው። «አለው እንጂ! ሰፊ ደጅ ነው። ግን እማማ፣ ይሄንን ሰውዬ እንዴት ዝም ያሰኙታል?»

እማማ ሙሉካ የእህታቸውን ልጅ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ከስፌት መኪናው ላይ የአዝራር መርፌዎችን አነሱ። «እነዚህን ስትሠራ የት ነው የምትይዛቸው?»

«በከንፈሬ።»

«በሚቀጥለው ገበያ ይዘሃቸው ትመጣለህ» አሉ።

የሚቀጥለው ገበያ በሦስተኛው ቀን ነበር። ባንኩ በሩን ሲከፍት ዘበኛው ደረጃው ላይ ሴቶች ተቀምጠው አገኘ። ሃያም ይሆናሉ፣ ከዚያም ይበልጣሉ፤ የእማማ ሙሉካ የጸሎት ቡድን ነው። ሁሉም የነጠላቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ቋጠሮ አለች። ቋጠሮዋ ውስጥ ያለው የዘንድሮ የጀንፈል ብር ነው። እማማ ሙሉካ ሁለት ዓመት ሙሉ ወይን ጠጅ ጣታቸውን እያሳዩ ባንክን ሲያመሰግኑላቸው ስለኖሩ፣ ሁሉም ዘንድሮ ገንዘባቸውን ባንክ ሊያስጠብቁ ቆርጠው ነበር። በሩ ሲከፈት ገብተው ከግድግዳው ሥር በረድፍ ተቀመጡ። መሐል ላይ እማማ ሙሉካ፤ አጠገባቸው ሽብሩ፣ አምስት መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ዓይኑ ብቻ ይናገራል፤ ዓይኑ የሚለው ደግሞ ጨዋ ቃል አይደለም።

አቶ ወንድይፍራው ከቢሮው ብቅ አለ። «ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ገንዘብ ሊያስገቡ ነው» አለ ጉግሳ።

የሥራ አስኪያጁ ፊት በራ። ዋናው መሥሪያ ቤት ገበሬው ለምን አይቆጥብም እያለ በየሳምንቱ ሲወቅሰው ነው የከረመው። «ታዲያ ለምን አያስገቡም?»

«እማማ ሙሉካን እየጠበቁ ነው።»

«እሳቸውስ ምን ይጠብቃሉ?»

«እርስዎን» አለ ጉግሳ፣ ወደ ወረቀቶቹ አጎንብሶ።

አቶ ወንድይፍራው ተመልሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወጣ። ሴቶቹ ቅጠላቸውን ፈትተው ጎደሬ ይበላሉ፤ ለዘበኛውም ሰጥተውታል። ዘበኛው አፉ ሙሉ ሆኖ «ፖሊስ ልጥራ ወይ፣ ጌታዬ?» አለ።

«ምን ብለህ? ባንክ ውስጥ ገንዘብ የያዙ ሰዎች ተገኙ ብለህ?»

አንዲት ሴት ሳቀች። ሌላዋ በጌዴኦኛ አንዳች ተናገረች፤ ረድፉ በሙሉ ሳቀ። አቶ ወንድይፍራው ጉግሳን በዓይኑ ጠየቀው።

«ክራቫቱ ላም የታሰረችበት ገመድ ይመስላል ነው የምትለው» አለ ጉግሳ።

አቶ ወንድይፍራው እጁ ወደ አንገቱ ሄደች። ከዚያ፣ ይመስገን፣ ክራቫቱን ላላ አደረጋት። ወንበር ስቦ ከእማማ ሙሉካ ፊት ተቀመጠ።

«እሺ እማማ። ምን ሆናችሁ ነው?»

ራሱ ጠየቀ። በረድፉ ላይ ጎደሬ ማኘኩ ሁሉ ቆመ።

እማማ ሙሉካ ስለ ላም ነገሩት። ስለ ጨው፣ ስለ ፍግ፣ ስለ ጥጃ። አቶ ወንድይፍራው በትዕግሥት አዳመጠ። መጨረሻ ላይ ግን እጁን ዘረጋ። «ገብቶኛል። ግን ደንቡ ገንዘብ ያወጣ ይከፍላል ይላል። እኔ ምን ላድርግ?»

እማማ ሙሉካ ሽብሩን በክርናቸው ነካ አደረጉት። ሽብሩ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ እያወጣ ኮሌታው ላይ ሰካ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ንዴቱም በመጠኑ ወርዶ ነበር።

«አቶ ጉግሳ» አለ በዝግታ። «ያ ብር በሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ መስኮት ወደዚህ ወጥቶ ያውቃል?»

ጉግሳ ሥራ አስኪያጁን አየ። ሴቶቹን አየ። ጠረጴዛው ላይ የዛሬው ጎደሬ እንፋሎቱ ገና አልበረደም።

«አንድ ቀን አልወጣም» አለ። «እኔ ነኝ የምይዘው። እሳቸው በአንድ ጣት ይነኩታል። ኪሳቸው አልገባም፣ መስኮቱን አላለፈም። ወረቀቱን የጻፍኩት ሌላ የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አቶ ወንድይፍራው።»

«ገንዘቡ ካልወጣ» አለ ሽብሩ፣ «የምን ማውጫ ያስከፍላሉ?»

አቶ ወንድይፍራው የሴቶቹን ቋጠሮዎች በዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ሄደባቸው። ስለ ፍትሕ እያሰበ ነበር ወይስ ስለ ቋጠሮዎቹ? ሁለቱንም ይሆናል። ትልልቅ ሰዎች ፍትሕ የሚታያቸው አብዛኛውን ጊዜ ከቋጠሮ ጋር ሲመጣ ነው። ቢሆንም ታየው፤ እሱንም አንካደው።

«አልወጣም» አለ በመጨረሻ። «ያልወጣ ነገር ወጣ ተብሎ ተጽፏል፤ ስሕተት ነው። ስሕተት ማረም በኔ ሥልጣን ነው፤ ለማንም መጻፍ አያስፈልገኝም።» ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ፊቱ ላይ አዲስ ጭንቀት መጣ። «ጉግሳ።»

«አቤት።»

«ገንዘቡ በየወሩ እየወጣ ስለ ተጻፈ ወለድ ታስቦላቸው አያውቅም፣ አይደል?»

«አልታሰበም።»

«አሁን ካልወጣ... ሊታሰብላቸው ነው።»

እማማ ሙሉካ ወደ ሽብሩ አዘነበሉ። «ምንድነው የሚለው?»

ሽብሩ ሳቁ ከሆዱ መጣ። «ጥጃ ነበራት፣ አክስቴ። ደብቀውብሽ ሳይሆን ሳያውቁ ነው የረሷት። ጥጃሽን ሊያመጡልሽ ነው።»

«አላልኩህም?» አሉ እማማ ሙሉካ። «ሁለት ዓመት ያለ ጥጃ የምትቆይ ላም አለች ወይ?»

ጥጃዋ ዘጠኝ ብር ከስሙኒ ሆነች። እማማ ሙሉካ ሁለት መቶውን ተቀብለው መቀነታቸው ውስጥ አሰሩ፤ ዘጠኝ ብሩን ግን አልወሰዱም። «ትንሽ ናት፤ እዚሁ ትደግ። እየመጣሁ አያታለሁ» አሉ። ከዚያ ለሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁላቸው። ቋጠሮ ሁሉ ተፈታ። ዝግ የነበረው መስኮት ያን ቀን ተከፈተ፤ ከኋላው የተቀመጠው አቶ ወንድይፍራው ራሱ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ፊቱ ቆማ ብሯን ከመስጠቷ በፊት «ለማየት ስንመጣስ?» አለችው።

«ማየት በነጻ ነው» አለ አቶ ወንድይፍራው። «አትቁጠርብኝ ያለችውንም አንቆጥርባትም። ግን እባካችሁ፣ ሁላችሁም በአንድ ቀን አትምጡ።»

በማግስቱ ጠዋት ሽብሩና አክስቱ ዳገት ላይ ነበሩ። ከማሳው በላይ፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በሶንጎው ዛፍ ሥር ግራዝማቹ በበቅሏቸው ላይ ሆነው፣ ከታች ደግሞ ሀይቻ የሚሏቸው የአገሩ ትልቅ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሽብሩ ሁለት መቶውን ቆጠረ። አክስቱ ጆሯቸውን ያዙ።

ግራዝማቹ ብሩን አልተቀበሉም። አፍንጫቸውን ወደ ማሳው አቀኑ። «ይሸታል» አሉ። «አብቧል። ውሉ ከአበባ በፊት ነው የሚለው። ከርሞ እንገናኝ።»

ሽብሩ ሊጮህ ሲል እጁ ኪሱን ዳበሰ፤ መርፌዎቹን ረስቷቸዋል። ሀይቻው ግን ዱላቸውን አነሱ፤ «ይታያል» አሉ። ሁሉም ማሳው ውስጥ ገቡ። ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አጎንብሰው አዩ። እምቡጡ ሁሉ ነጥቷል፣ ጫፉ ሾሏል፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ሊፈነዳ ነው፤ ግን ዝግ ነው። ከታችኛው አጥር አጠገብ ደረሱ። እዚያ፣ ፀሐይ ቀድማ ባገኘቻት አንዲት ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ብቻ፣ አምስት ቅጠሏን ዘርግታ፣ ተከፍታ ተቀምጣለች።

«ይኸው!» አሉ ግራዝማቹ ከበቅሏቸው ላይ። «አበባ አይደለም?»

እማማ ሙሉካ ዓይናቸውን ከአበባዋ አላነሱም። ሀይቻው ቀረብ አሉ፣ አሸተቷት፣ በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ቀጠፏትና ወደ በቅሎዋ ሄደው ለግራዝማቹ በአክብሮት ዘረጉላቸው።

«አበባ ናት» አሉ። «ውል ውል ነው። ይቺ የእርስዎ ናት። ሲደርስ ፍሬዋን ይልቀሙ።»

መጀመሪያ የሳቀው በቅሎዋን የያዘው የግራዝማቹ አሽከር ነው። ከዚያ ሽብሩ ሳቀ፣ ሳቁም ዳገቱን ወርዶ ሄደ። ግራዝማቹ አበባዋን ይዘው ወዴት እንደሚያደርጓት ጠፍቷቸው ጥቂት ቆዩ፤ ብሩን ተቀበሉ፣ ውሉን ከደረታቸው አውጥተው ለሀይቻው ሰጡ። እማማ ሙሉካ መሬቱ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን የቡናው ግንድ ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ለአምላካቸውም በጌዴኦኛ ዘመሩ። ግራዝማቹ ሲሄዱም እማማ ሙሉካ ከኋላቸው «ቤት ስትገባ ውሃ ውስጥ አድርጋት፣ እንዳትጠወልግ!» አሏቸው።

ማሳው በሁለተኛው ቀን ነጭ ሆነ። ሽታው እስከ መንገዱ ወረደ ይባላል።

ወር ሲሞላ እማማ ሙሉካ ጎደሬያቸውን ይዘው ወደ ጉግሳ መስኮት መጡ። ሽብሩም አብሮ ነበር፤ ከሥራው ላይ ተነሥቶ ስለመጣ መርፌዎቹ በከንፈሩ እንዳሉ ናቸው። ጉግሳ ወረቀት አልሳበም፣ ቀለም አላወጣም። ዘጠኝ ብር ከስሙኒውን አምጥቶ በመስኮቱ ሥር ዘረጋላቸው። እማማ ሙሉካ በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉትና «ወፍራለች» አሉ።

ጆሯቸውን ይዘው ነበር። ሽብሩ ግን፣ መርፌዎቹን በከንፈሩ እንደያዘ፣ በዓይኑ ብቻ፣ ቆጠረ።